መንገድ ያስተማረን

(በጂንካ ከተማ ለመሠረተ ትምህርት ጨራሾች በተማሪ ዘማቾች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁት ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል መሥርታችሁ፣ አሁን ደግሞ ያወቃችሁት እንዳይጠፋባችሁ ተከታታይ ንባብ የጀመራችሁ ናችሁ። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተነሥተን ወደዚህ አገር የተመደብን ዘማቾች ነን። የመጣነው አስተማሪ ተብለን ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ተማርነው ነገር ነው። የተማርነውም በእግር መንገድ ላይ ነው።

ጉዞው ከጂንካ ተነሥቶ፣ በአሪና በበና ምድር አልፎ፣ እስከ ሐመር ቆላ ድረስ ስድስት ቀን ፈጀብን። ለናንተ ይህ ወሬ አይደለም። ከብት ነድታችሁ፣ እህል ተሸክማችሁ ከዚህ የበለጠ ትሄዳላችሁ። «ታዲያ እነዚህ ልጆች ምን አዲስ ነገር ሊነግሩን ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ አዲስ ነገር የለንም። እናንተ ከልጅነት የምታውቁትን እኛ ሳናውቅ ቀርተን አንድ ጓደኛችንን ልናጣ ትንሽ ነበር የቀረን። እሱን ነው የምንነግራችሁ።

ከኛ በፊት የዘመቱ

የተማሪ ዘመቻ በኛ አልተጀመረም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲከፈት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተው ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱም በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ነገር ግን የአሪ፣ የሐመር፣ የሙርሲና የዳሰነች ቋንቋዎች ከ15ቱ መካከል አልነበሩም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ወደዚህ አገር የመጣ አስተማሪ ፊደል የሚያስቆጥረው ሰውየው በቤቱ በማይናገርበት ቋንቋ ነበር። እኛም ስንመጣ የያዝነው አማርኛውን መጽሐፍ ብቻ ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የማን ቤት ፈረሰ?

ከጂንካ የተነሣነው ረቡዕ ማለዳ ነው። አምስት ነበርን። የመኪና መንገድ ባይጠፋም የተመደብንባቸው መንደሮች ከመንገዱ የራቁ ስለሆኑ በእግር መሄድ ግድ ሆነብን። ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው ሜዳ ዳር ቆመን መሪያችንን ስንጠብቅ ጓዛችን ክምር አህሎ ነበር። የፊደል ገበታ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ፣ ጠመኔ፤ ይህስ ይሁን። ከዚያ በላይ ግን በየሰው ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ፣ የቆርቆሮ ምግብ፣ ትርፍ ጫማ፣ ራዲዮ ነበረን። አንዳችንማ ካውያ ሳይቀር ይዞ ነበር።

መሪያችን በዕድሜ የገፉ የበና ሰው ናቸው። የገበያ አማርኛ ይችላሉ። እኛ «አባት» እንላቸዋለን፤ እሳቸው «ልጆች» ይሉናል። እሳቸው የያዙት አንድ ቅል ውሃ፣ አንድ በትር፣ በትንሽ የቆዳ ከረጢት የተቆላ በቆሎ፣ እንዲሁም ቦርኮቶ የምትባለውን ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ በርጩማ ነበር። ቦርኮቶ ቀን መቀመጫ ናት፤ ሲተኙ ደግሞ ትራስ ትሆናለች። አንዲት ዕቃ ሁለት ሥራ ትሠራለች ማለት ነው።

አባት ጓዛችንን ዞር ዞር ብለው አዩና፦

«የማን ቤት ነው የፈረሰው?» አሉ።

ሳቅን። ማታ ግን የሚስቅ አልነበረም። በአሪ አገር መንገዱ በእንሰትና በቡና መካከል ይሄዳል፤ ዐይን ያጠግባል። ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ አያልቅም። ያደርንበት ቤት ስንደርስ ትከሻችን ተልጦ፣ እግራችን ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነብን። በማግሥቱ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ስንደርስ ካውያውን ጨምሮ ግማሹን ጓዝ ለአንድ ባለሱቅ አደራ ሰጠን።

ጓዙን ፈተን ስንለይ አንድ ነገር ታየን። ከያዝነው አብዛኛው ፍርሃታችን ነበር። ብርድ ፈርተን ብርድ ልብስ፣ ረኀብ ፈርተን ቆርቆሮ፣ ሰው እንዳይንቀን ፈርተን ካውያ ይዘናል። ውሃ ማጣትን ግን በከተማ አልለመድነውምና አልፈራነውም። አምስት ሰዎች ሆነን የያዝነው ሦስት ኮዳ ብቻ ነበር።

በአብላጫ ድምፅ

ዓርብ ዕለት ከቀይ አፈር ወደ ሐመር ቆላ የምንወርድበት ቀን ነበር። በገበያው ደክመን ስለነበር ዘግይተን ተነሣን። ዕቃ ጭነን ስንጨርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆነ። አባት ሰማዩን ቀና ብለው አዩና፦

«ዛሬ እንቆይ። ፀሐይዋ ስትበርድ እንሄዳለን፤ ሌሊቱን ጨረቃ አለች» አሉን።

እኛ ግን ፕሮግራም ነበረን። በደብተራችን ላይ «ዓርብ፦ 24 ኪሎ ሜትር፣ 6 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ምን አለፋችሁ፤ እንደ ለመድነው ስብሰባ አደረግን። ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተመረጠ፣ ሐሳብ ተሰጠ። በመጨረሻም በአራት የድጋፍና በአንድ የተቃውሞ ድምፅ አሁኑኑ እንሂድ ብለን ወሰንን። የተቃወመው ጓደኛችን ከሌሊቱ ጀምሮ ሆዱን ያመው ነበር። «ትንሽ ልረፍ» ነበር ያለው። አባትንማ ድምፅ ይስጡ ብሎ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው በቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱን ነበር። ስንጨርስ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ፊት ፊት ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ስብሰባ መጥፎ ነገር አይደለም። ግን የሚያውቀው ሰው ያልተጠየቀበት ስብሰባ ምን ይረባል? ፀሐይም እንደሆነች በእጅ ብልጫ አትበርድም።

የሦስተኛው ኮዳ ውሃ

ከቀይ አፈር ወደ ታች ሲወረድ አገሩ ይለወጣል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ቱርሚ አካባቢ 900 ሜትር ገደማ ነው። ዛፉ ያጥራል፣ እሾሁ ይበዛል፣ ጥላው ይሳሳል። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለቱን ኮዳ ጨረስን። ሦስተኛው ለበሽተኛው ጓደኛችን እንዲቆይ ተስማማን፤ ከኋላ በሚሄደው ልጅ ትከሻ ላይ አንጠለጠልነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ጓደኛችን ቆመ። ፊቱ ቀልቷል፤ ላቡ ደርቋል፤ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። «አውቶቡሱ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀን። መጀመሪያ የቀለደ መስሎን ነበር። ሁለተኛ ሲጠይቅ ደነገጥን። ኮዳውን አምጡ አልን። ኮዳው መጣ። ባዶ ነበር።

ያን ጊዜ የተሰማን ዝምታ ዛሬም ጆሯችን ውስጥ አለ።

አባት አልተቆጡም። ጓደኛችንን ደግፈው ከአንዲት ግራር ሥር አስተኙት፤ ልብሱን አላሉለት። ከማለዳ ጀምሮ ያልነኩትን ቅላቸውን ፈቱ። በሽተኛውን እየደገፉ በጉንጭ በጉንጭ አጠጡት። ቀሪውን በጨርቅ እየነከሩ አንገቱንና ብብቱን አራሱት፤ እኛን በመጽሐፉ ካርቶን አራግቡለት አሉን። ይኸው ፊደል ልናስቆጥርበት ያመጣነው ካርቶን መጀመሪያ የሰጠው አገልግሎት ማራገቢያ መሆን ነበር። ከዚያ አንዳችንን አስከትለው ቁልቁል ወረዱ።

በአሸዋ ላይ የተጻፈው

የወረዱት ወደ ደረቅ ወንዝ ነው። እኛ ብንሆን አሸዋ ብቻ አይተን እንመለስ ነበር። አባት ግን እየተራመዱ ያነባሉ። የፍየል ኮቴ ወዴት እንደሚበዛ፣ የወፍ እግር የት እንደ ተሰበሰበ፣ ከዳር ያለው ዛፍ የቱ ጋ እንደ ለመለመ ያያሉ። ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ቆሙና በእጃቸው መቆፈር ጀመሩ። ክንድ ሙሉ ሲደርስ አሸዋው ረጠበ። ትንሽ ቆይቶ ውሃ አቀረረ። አብሮ የሄደው ልጅ ሊጎነጭ ጎንበስ ሲል አባት ትከሻውን ያዙት። መጀመሪያ የደፈረሰውን ጨልፈው ደፉ፤ ቀጥሎ የጠራውን በቅል ሞሉ፤ «ለታመመው» አሉ። ልጁ ጥሙን ይዞ ዳገቱን ወጣ። በሕይወቱ ከተሸከመው ሁሉ ከባዱ ያ ቅል እንደ ነበረ ነግሮናል።

ማንበብ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባን። ኮቴ ማለት ያለፈ ፍጥረት የተወው ምልክት ነው፤ ፊደልም ያለፈ ሰው የተወው ምልክት ነው። ሁለቱም በቦታው የሌለውን ያሳውቃሉ። አባት አንዱን መጽሐፍ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እኛ ሌላውን። ታዲያ በዚያች ግራር ሥር መሃይሙ ማን ነበር?

ይህች ምድር የሰው እግር የቆየባት ናት። ከኦሞ ወንዝ ማዶ በኪቢሽ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የጥንት ሰው ቅሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ተገምቷል። የታችኛው የኦሞ ሸለቆም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ ሁሉ ዘመን በዚህ ምድር የኖረ ሰው ውሃ ፈልጎ ማግኘትን ከአባቱ ሳይማር አልኖረም።

ማታ በእሳት ዳር

ፀሐይ ስትበርድ ጓደኛችን ስሙን በትክክል መናገር ጀመረ። ቀስ እያልን ወደ አንድ መንደር ደረስን። ሰዎቹ ሾፎሮ የሚባለውን ከቡና ገለባ የሚፈላ መጠጥ በቅል አቀረቡልን። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ ነው ያጠጡን።

እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ከመካከላችን አንዱ «የኮዳውን ውሃ የጠጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ከኋላ እየሄደ አንድ ጉንጭ ብሎ ጀመረ፤ አንዱ ጉንጭ ሌላውን ጠራ። ማን እንደሆነ አንናገርም። ምናልባት አሁን ይህን የሚያነብላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ያን ሌሊት ልንሰድበው፣ ልንመታውም ተነሥተን ነበር። ስብሰባ ይጠራበት ያለም ነበር።

አባት ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፦

«ጥም ሲይዘው ምን እንደሚያደርግ ዛሬ አወቀ። እናንተ ገና አላወቃችሁም። ነገ ውሃውን እሱ ይያዝ» አሉን።

በማግሥቱ ሦስቱንም ኮዳ፣ ከመንደሩ የተሰጠንንም ትልቅ ቅል እሱ ተሸከመ። እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ውሃ የሚያድለው እሱ ሆነ። መጨረሻ የሚጠጣውም እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም።

እኛ ያጠፋን ሰው አደራ መቀማት ነበር የምናውቀው። አባት አደራውን መልሰው በእጁ አስቀመጡለት። ይህን በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ አላነበብነውም።

ስም አለው

በጉዞው ላይ ካርታ እንሥል ነበር። ስሙን የማናውቀውን ቦታ «ስም የሌለው ሸለቆ፣ ቁጥር 3» እያልን እንጽፋለን። አንድ ቀን አባት ምን እንደምንጽፍ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ሳቁ። እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ እያንዳንዱ ጉብታ ስም አለው። በጣታቸው እያሳዩ አንድ በአንድ ቆጠሩልን። እኛም ቁጥሩን እየሰረዝን ስሙን ጻፍን።

እ.ኤ.አ. በ1888 ካውንት ቴሌኪ የተባለ የሃንጋሪ መኳንንት የኦሞ ወንዝ የሚገባበትን ሐይቅ ደርሶ በአውስትሪያው ልዑል ስም ሩዶልፍ ብሎት ነበር። በዳርቻው የሚኖር ሕዝብ ግን ከዚያ በፊትም ሐይቁን በየቋንቋው ይጠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ቱርካና ተባለ። እኛም በደብተራችን ላይ ትንንሽ ቴሌኪዎች ሆነን ነበር ማለት ነው። አላዋቂ ሰው እሱ የማያውቀው ነገር ሁሉ ስም የሌለው ይመስለዋል።

ከወንዝ ውስጥ አትደሩ

በአምስተኛው ቀን ማታ ሰፋ ያለ ደረቅ ወንዝ አገኘን። አሸዋው እንደ ፍራሽ ለስላሳ ነው፤ እዚህ እንደር አልን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አባት ግን በስተ ሰሜን፣ ወደ አሪ ተራሮች በኩል የሚብለጨለጨውን መብረቅ አሳዩንና «ተነሡ» አሉ። እየተነጫነጭን ድንጋያማው ዳገት ላይ ወጣን። በዚህ ጊዜ ስብሰባ የጠራ የለም። ሊነጋ ሲል ድምፅ ሰማን። ያ አሸዋ ቡናማ ውሃ ሆኖ፣ ግንድ እያንከባለለ ይሮጣል። በኛ ላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልዘነበም ነበር።

በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰዎችን መግደሉን ታስታውሳላችሁ። ያ ትልቁ ወንዝ ነው። ትንሹም ወንዝ ግን አይናቅም። ዝናቡ ሩቅ አገር ይዘንባል፤ ጎርፉ ከደጃችን ይደርሳል።

ለመንገደኛ የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን በአጭሩ እንዲህ ብለን ጽፈነዋል፦

1ኛ. በቆላ የሚሄድ ሰው ሊነጋ ሲል ይነሣ፤ ቀትር ላይ በጥላ ይረፍ፤ ሲበርድ ይቀጥል።

2ኛ. ከምግብ በፊት ውሃ ያስብ። የተገኘውን ውሃ አፍልቶ ይጠጣ።

3ኛ. ሰው በሙቀት ተመትቶ ሰውነቱ ቢፋጅና ቢቀባዥር ቶሎ ወደ ጥላ ይወሰድ፤ በውሃ ይራስ፤ ይራገብለት። ነፍሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አይሰጠው። ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

4ኛ. ተቅማጥ ለያዘው ሰው በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ነፍስ ያድናል። ልኩ እንዳይዛነፍ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

5ኛ. ቆላ የሚያድር ሰው አጎበር አይርሳ፤ ወባ አለና።

6ኛ. የደከመው ከፊት ይሂድ። ይህንንም ያስተማሩን አባት ናቸው። ደካማው ከኋላ ከቀረ ማንም አያየውም፤ ከፊት ከሆነ ግን ሁሉም በሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ሁሉም ይደርሳል።

መጨረሻ

ስድስተኛው ቀን ደረስን። ትምህርት ስንጀምር ሰዎቹ ፊደሉን በዜማ ተከትለው አሉት፤ ግን ምን እንደሚሉ አልገባቸውም። ያን ጊዜ ቅድም ልብ በሉልን ያልነው ነገር ትዝ አለን። መጽሐፉን ዘጋንና «ውሃን በናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ነገሩን። ቃሉን እነሱ እንደሚጠሩት በፊደል አድርገን ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያን ቃል ከሰሌዳው ላይ ለይተው ካነበቡት አንዱ አባት ነበሩ። አነበቡና ከኋላ ወደተቀመጠው ውሃ ተሸካሚያችን ዘወር ብለው ሳቁ።

ውድ ወገኖች! እናንተ ዛሬ ፊደል ጨርሳችኋል። ይህ ግን የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ነው፤ መንገዱ ገና ነው። የማይጠቅም ጓዝ አትሸከሙ። የሚያውቀውን ሰው ሳትጠይቁ አትወስኑ። በንባብ የቀደማችሁ ወደ ኋላ የቀረውን ጎረቤታችሁን ከፊት አድርጉት። ያጠፋውን ሰው ውሃ አሸክሙት። ጓደኛችን ዛሬ በሕይወት አለ፤ እነሆ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። የአንድ ሰው ያልተነካ ቅል ነው ያተረፈው።



ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዘማቾቹ በጓዛቸው ውስጥ ያገኙት ፍርሃት ምንድን ነው? እናንተስ ረጅም መንገድ ስትሄዱ ምን ትይዛላችሁ?

2. ዓርብ ዕለት በተደረገው ስብሰባ ምን ጎደለ?

3. የኮዳውን ውሃ ለጠጣው ልጅ ውሃውን መልሶ ማስያዝ ትክክል ነበር ትላላችሁ? ለምን?

4. በአካባቢያችሁ ሳይጻፍ የሚነበብ ምልክት ምን አለ? ሦስቱን በደብተራችሁ ጻፉ።